ለፊርማ የተላኩ ሽማግሌዎች

ብርሀነ በፈረንጅ አገር፣ ትሩጋኒና በሚባል ሰፈር ካለ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት ሲነዳ አሥራ አራት ዓመቱ ነው። ሠራተኛው የማኅበር ተወካይ አድርጎ የመረጠው ዝም ብሎ አይደለም፤ ውል ማንበብ ያውቅበታል። ፈረንጁ አለቃ ወረቀት ገፋ አድርጎ «እዚህ ጋ ሳይን አድርግ» ሲለው «ቆይ» ይልና መነጽሩን ያወጣል። አለቃው ያን መነጽር ሲያይ የያዘው ቡና ይመረዋል።

እንዲህ ያለው ሰው ነው እንግዲህ፣ ያገሩ ሰው ፊት ሲቆም ምላሱ የሚታሰረው። ይሉኝታ የሚሉት በሽታ አለበት። ለፈረንጅ አንበሳ፣ ለወገኑ ድመት።

ያገሩ ሰዎች ያቋቋሙት ኮሚኒቲ ልጆች አማርኛ የሚማሩባቸው ሦስት የቅዳሜ ትምህርት ቤቶች አሉት፦ ትሩጋኒና፣ ሜድስቶንና ሆፐርስ ክሮሲንግ። ዘንድሮ ሦስቱንም የሚመራ አንድ የበላይ ኃላፊ በደመወዝ እንዲቀጠር ተወሰነ። ዘጠኝ ዓመት በነጻ ካስተማረችው ከጽጌ የተሻለ ሰው አልተገኘም። ጽጌ ግን አንዲት ልጇን ብቻዋን የምታሳድግ ሴት ናት፤ ይህን ልትይዝ በሕፃናት ማቆያ ያላትን ቋሚ ሥራ መልቀቅ አለባት። ስለዚህ በውሉ አንቀጽ ሰባት ላይ አንድ ነገር እንዲገባ ለመነች፦ ሥራው ለሦስት ዓመት የጸና ይሁን፣ ቦርዱም ያለ ምክንያት አያሰናብተኝ።

የኮሚኒቲው ቦርድ ሊቀመንበር ወልደአማኑኤል ይህን ሲያይ ደሙ ፈላ። «ነገ አልታዘዝም ብትለንስ?» ብሎ አንቀጹን ሰረዘና «ቦርዱ በፈለገ ጊዜ ያሰናብታል» የሚል አስገባበት። እሷም መለሰች፣ እሱም መለሰ፣ ስድስት ሳምንት በኢሜይል ተጓተቱ። በመጨረሻ «ይህ በጽሑፍ አያልቅም፤ ሽማግሌ እንላክባት» አለ።

የሥራ ውል እኮ ነው! ሽማግሌ የተጣላ ሊያስታርቅ፣ የሰው ልጅ ለጋብቻ ሊጠይቅ ይላካል፤ አንቀጽ ሊያሰርዝ ሲላክ የሰማ ማን አለ? ብርሀነ ነገሩ አልጣመውም። ሊቀመንበሩ ግን ከሽማግሌው ከጋሼ እንድርያስ ጋር እሱኑ መረጠው። «አንተን ታምንሃለች» አለው። ብርሀነ እምቢ አላለም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሜድስቶን ጽጌ ቤት ገቡ። ወንበር አቀረበች።

«እሺ ሳትዪን አንቀመጥም» አሉ እንድርያስ። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። እንደሚያማቸው እሷም ታውቃለች፣ እንደምታውቅም እሳቸው ያውቃሉ። ቆመው ጉልበታቸውን ያሻሹ ጀመር።

«ኧረ በመድኃኔዓለም ይቀመጡ፣ ጋሼ!»

«ቤተሰብ ነን፣ ልጄ። በቤተሰብ መካከል አንቀጽ ምን ይሠራል?»

ብርሀነ ይቺን ቃል ከመጋዘኑ አለቃ አፍ ስንት ጊዜ ሰምቷታል። ሰውየው «ቤተሰብ ነን» ካለ በማግሥቱ የሚባረር ሰው አለ። ወገንም ተምሯት ኖሯል! በሬ ካራጁ ይውላል ይሉ የለ?

«ማም፣ ዩ ዶንት ሃቭ ቱ ሳይን!» አለች ልጇ ኤደን ከሶፋው ብድግ ብላ፤ መፈረም ግዴታሽ አይደለም ማለቷ ነው።

«አንቺ ዝም በይ» አለቻት ጽጌ። ከዚያ ወደ ብርሀነ ዞረች። «ጋሼ ብርሀነ፣ እርስዎ ውል ያውቃሉ። የሰው ሁሉ ይቅር፣ እርስዎ ካሉኝ እፈርማለሁ። ይፈረማል?»

አይፈረምም። መልሱ ይቺ አንዲት ቃል ናት። ብርሀነ ግን የእንድርያስን የሚንቀጠቀጥ ጉልበት አየ፤ የሚመጣው እሑድ በቤተ ክርስቲያን ግቢ «ሽማግሌ ያዋረደ» ሲባል ታየው።

«ፈርሚ፣ ልጄ» አለ። «እኛ አለን አይደል?»

ፈረመች። እንድርያስ ተቀመጡና መረቁ። ብርሀነም አሜን አለ፤ ያውም ጮክ ብሎ። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው።

መኪና ውስጥ እንድርያስ ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። «አንተ ባትኖር አትፈርምም ነበር፤ ተባረክ» አሉት። ምርቃቱ እንደ ምራቅ ፊቱ ላይ አረፈ። ሽማግሌውን ቤታቸው አደረሰና ብቻውን ሲቀር፣ ያ «እኛ አለን» ያለው አፉ ራሱን አስጠላው። ሊቀመንበሩስ የታወቀ ነው፤ እሱ ግን እያወቀ ነው የሸጣት። መኪናውን አዞረ።

ጽጌ በሩን ስትከፍትለት ወረቀቱን ከኪሱ አወጣ።

«እኔ ብሆን አልፈርመውም፣ ጽጌ። ዋሽቼሻለሁ። ለማንም አልሰጠሁትም፣ አሁኑኑ እንቅደደው።»

ጽጌ ወረቀቱን አየች፤ ቀጥላ እሱን አየች። እጇን ግን አልዘረጋችም።

«እርስዎ ፈርሚ ካሉማ ብዬ» አለች ቀስ ብላ፣ «እንደወጣችሁ የሥራ መልቀቂያዬን ለሕፃናት ማቆያው አለቃዬ ላክሁላት። አሁን መለሰችልኝ፤ ተቀብያለሁ ብላለች።»