ከመዳፌ ጋር የታሰረው ቢላዋ

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ኅዳር፣ እዚህ ፍራንክፈርት ነው። እናቴ ይህን ካነበበች እንዳትደነግጥ አስቀድሜ ልናገር፤ ደህና ነኝ፣ ትምህርቴንም እየተከታተልኩ ነው። የምጽፈው የዚያ ቀን ፍርሃት እስካሁን ስላልለቀቀኝ ነው።

ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ ወር እንኳ አልሞላኝም ነበር። ሽቴፋን የሚባል የክፍሌ ልጅ ከጓደኞቹ ጋር ፊልም ይሠራ ነበር፤ አንድ ነፍሰ ገዳይ ከተማውን ሙሉ ሲያሸብር የሚያሳይ። ገንዘብ ስላልነበራቸው ካሜራው የውሰት፣ ደሙ የቀይ ሥር ጭማቂ፣ ቢላዋው ደግሞ በብርማ ወረቀት የተጠቀለለ የፕላስቲክ ማስመሪያ ነው። ገዳዩን የሚጫወተው ልጅ ታመመና ሽቴፋን «ቁመትህ ልክ ነው፤ ፊትህ ደግሞ አይታይም» አለኝ። ገና ጓደኛ አላፈራሁም ነበርና እምቢ ማለት ከበደኝ።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ኒደርራድ ሄድን። መሥሪያ ቤት የበዛበት ሰፈር ስለሆነ እሁድ እሁድ ጭር ይላል። ካትሪን የምትባል ልጅ ተገዳይ ሆና መንገዱ ዳር ተጋደመች። ጭማቂው እያዳለጠ ቢላዋው ከእጄ ሲወድቅ አስቸገረ። ሽቴፋን በፕላስተር ከመዳፌ ጋር ጥፍር አድርጎ አሰረልኝና፣ ከሩቅ ለመቅረጽ ማዶ ወዳለው የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ጣሪያ ወጣ።

ጭምብሌን ወደ ግንባሬ ሰብስቤ፣ ካትሪን አጠገብ ደረጃ ላይ ተቀምጬ ምልክት ስጠብቅ የፖሊስ መኪና መጥቶ ቆመ። አንድ ሰው በመስኮት አይቶን ደውሎ ኖሯል።

ሁለት ፖሊሶች ወረዱ። አንደኛው የአባቴ እኩያ ይሆናል። ትልቅ ሰው ሲመጣ እንደለመድኩት ብድግ አልኩና፣ ጎንበስ ብዬ እጅ እየነሳሁ ላስረዳቸው ወደ እነሱ ሄድኩ።

ሁለቱም ሽጉጥ አወጡ።

«ቢላዋውን ጣል!»

ጀርመንኛው ገብቶኛል። እጄን ባራግፍ፣ ባራግፍ ቢላዋው አይወድቅም። ለእነሱ የምሰነዝርባቸው ይመስላል። ካትሪን ዓይኗን ገልጣ ሽጉጥ ስታይ ጮኸች፤ ጩኸቷ ነገሩን አባሰው። ያጠናሁት ጀርመንኛ በሙሉ ከአፌ ጠፋ። በዚያ ሰሞን በአገሩ የስደተኞች ቤት መቃጠሉን እንሰማ ነበርና «በቃ፣ ማንም ምን ሆነ ብሎ አይጠይቅም» ብዬ አሰብኩ። ሁለተኛው፣ ወጣቱ ፖሊስ ሽጉጡን ደረቴ ላይ አነጣጠረ።

«አንተ ልጅ! ቁጭ በል! ባለህበት ቁጭ በል!»

አማርኛ ነው። ከአውቶቡስ ማቆሚያው በኩል ባርኔጣ ያደረጉ ሽማግሌ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ይመጣሉ። ትልቅ ሰው ቆሞ እኔ መቀመጤ ነውር መስሎኝ ያን ጊዜ እንኳ አመነታሁ።

«ቁጭ በል እኮ ነው የምልህ! ጆሮ የለህም?»

ቁጭ አልኩ። እሳቸው በእኔና በሽጉጡ መካከል ገብተው በጀርመንኛ «ፊልም ነው! ቢላዋው ታስሮበት ነው!» እያሉ ወደ ጣሪያው አመለከቱ። እዚያ ላይ ሽቴፋን እጁን እያወናጨፈ ይጮኻል። ሽጉጦቹ ቀስ ብለው ዝቅ አሉ።

ፕላስተሩን የላጡልኝ ሽማግሌው ናቸው። ኤርትራዊ ናቸው፤ አማርኛውን አስመራ ትምህርት ቤት ነው የተማሩት። አውቶቡስ ሲጠብቁ ሽቴፋን ሲያስርልኝ አይተው ስቀውብን ነበር።

«ሐበሻ መሆኔን በምን አወቁ?» አልኳቸው።

«ፖሊስ ሊይዘው መጥቶ እጅ የሚነሳ ሌላ ማን አለ?»

ሳቅሁ፤ ሳቁ ሳያልቅ ማልቀስ ጀመርኩ። «አይዞህ ወደይ፣ አይዞህ ልጄ» ብለው አጠገቤ መሬቱ ላይ ቁጭ አሉ።

ሽቴፋን እያለከለከ ደረሰ። ይቅርታ ጠየቀኝ፣ አቀፈኝ። ከዚያ ካሜራው ሳይጠፋ ሁሉንም መቅረጹን ነገረኝ። ከዚህ የሚሻል ትዕይንት የለንም፣ ፊልሙ ውስጥ እናስገባው አለ። ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ።

«ያ ገዳዩ አይደለም፤ እኔ ነኝ» አልኩት። «አጥፋው።»

እዚያው ፊቴ አጠፋው።

ከሽቴፋን ጋር ዛሬም ጓደኛሞች ነን። ግን የፖሊስ መኪና ባየሁ ቁጥር እጄን ከኪሴ አውጥቼ ጣቶቼን እዘረጋለሁ። ምንም እንዳልያዝኩ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ጎንበስ ብዬ መዳፌን አያለሁ።