ለራሴው ሥራ «አፕላይ አድርግ» ተባልኩ

«አንተ ልጅ፣ ይሄ ሥራ ላንተ ልክ የተሰፋ ነው! ቶሎ አፕላይ አድርግ!»

ከወራት በፊት እንዲህ ያለችኝ እዚሁ አሜሪካ፣ ጋርላንድ ከተማ ያለችው አክስቴ ናት። የላከችልኝ ማስታወቂያ ግን ፍሪስኮ የምሠራበት የራሴው ሥራ ነበር።

ኩባንያዬ የግሪን ካርድ ሂደቴን ለመጀመር ሕጉ ስለሚያስገድደው ቦታዬን በማስታወቂያ ማውጣት ነበረበት። ብቁ አሜሪካዊ ከተገኘ የኔ ነገር እዚያው ይቀራል። «ሳያልቅ አይወራም» ብዬ አልነገርኳትም።

«ለማኅበራችን ግሩፕም ልኬዋለሁ፤ ሰው ይጠቀም» አለችኝ። ግሩፑ ውስጥ የአሜሪካ ዜግነት ያለው ስንት ኢንጂነር እንዳለ አትጠይቁኝ!

ዛሬ አለቃዬ «ብቁ አመልካች አልተገኘም፤ ፋይልህ ለመንግሥት ሊገባ ነው» አለችኝ። ተመስገን! መንገዱ ገና ነው፤ አለቃዬ የቆመችልኝን ግን አልረሳም።

ሁሉንም ለአክስቴ ስነግራት፦ «ታዲያ ላንተ የተሰፋ ነው አላልኩህም?»

እናንተስ፣ ልጥቀማችሁ ብሎ ጉድ ሊሠራችሁ የነበረ ዘመድ አላችሁ?