ከግልባጩ ላይ

ኮምፒውተር የምትጠግነው ሴት መነጽሯን በጫማ ማሰሪያ አንገቷ ላይ አንጠልጥላለች። አልነሳ ያለ ኮምፒውተር ሲመጣላት ዲስኩን ፈታ ታወጣና መጀመሪያ ሙሉ ግልባጩን ትወስዳለች። ከዚያ በኋላ ዋናውን ንክች አታደርገውም፤ ፍለጋዋ ሁሉ ግልባጩ ላይ ነው።

እኔ ተራዬን ስጠብቅ፣ ለአንድ ጡረተኛ መምህር የአሥራ አንድ ዓመት ጽሑፋቸውን አገኘችላቸው። እሳቸው ደጋግመው ሲያመሰግኗት እሷ አገጯን ቀና አድርጋ፣ «እኔ እጅ ገብቶ የቀረ የለም፣ ጋሼ» አለች።

«አንድም?» አሏት መምህሩ።

መደርደሪያው ላይ በንጹሕ መሀረብ ወደተጠቀለለ ዲስክ ዞረች።

«የአባቴ ፎቶዎች ያሉበት ነው። ኮምፒውተሩ ‹ሁሉንም ላጥፋው?› ሲለኝ እሺ ያልኩት እኔው ነኝ።»

መነጽሯን ከአንገቷ አንስታ ዓይኗ ላይ አደረገች።

«ካጠፋሁት በኋላ የወሰድኩት ግልባጭ አለኝ። ገና ፈልጌ አልጨረስኩም።»