ጉንፋን ነው አልኳት

ከምርጫው በኋላ በተነሳው ግርግር ከሳሪስ ከታፈስነው መካከል ነበርኩ። አቃቂ መንገድ ዳር ያለ ግቢ አስገቡን። ክፍሉን መጀመሪያ ሳይ ያስፈራኝ መስኮቱ ነው፤ ከጣሪያው ሥር ያለ፣ አንድ ብሎኬት የሚያህል ቀዳዳ። ሠላሳ ሰው በእሱ ነበር የሚተነፍሰው።

አንድ ጠዋት ለቆጠራ ተነሱ ስንባል፣ አጠገቤ የሚተኙት ሽማግሌ ጨጓራቸው ይዟቸው መነሳት አቃታቸው።

"አሟቸው ነው" አልኩ። ሌላ ነገር አልተናገርኩም።

ጠባቂው ከቀበቶው ትንሽ ጣሳ አውጥቶ ፊቴ ላይ ረጨብኝ፤ የቀረውን ክፍሉ ውስጥ ነፋና በሩን ዘጋው። የሚረጭ በርበሬ ነበር። አይኔ አልከፈት፣ ትንፋሼ አልወጣ አለ። ሁሉም ይስላል። እኔ ሞኙ ደግሞ አይኔን በእጄ አሸሁት፤ ባሰብኝ።

"አትሸው ልጄ! እጅህን አንሳ" አሉኝ ሽማግሌው። ለጨጓራቸው ከቤት የተላከላቸውን ወተት በዳበሳ ፈልገው አይኔ ላይ አፈሰሱት።

"አባባ፣ አንቱስ ምን ሊጠጡ ነው?"

"ዝም በል። ዛሬ እናትህ ትመጣለች።"

እኔንም ያስጨነቀኝ እሱ ነበር። እናቴ ደም ግፊት አለባት። ሳሪስ ገበያ በርበሬ ትሸጣለች፤ በየቀኑ መደቧን ለጎረቤት ትታ ቀይ ወጥ ይዛልኝ ትመጣለች። እንዲህ ሆኜ ካየችኝ ትወድቃለች፤ ካልወጣሁ ደግሞ ገድለውታል ትላለች። የክፍሉ ሰዎች የራሳቸው እንባ እየወረደ ንጹህ ሸሚዝ አለበሱኝ፣ ጸጉሬን አበጠሩልኝ።

እናቴ ከመጠየቂያው ሽቦ ማዶ ቆማ ትክ ብላ አየችኝ።

"አይንህ ምን ሆነ?"

"ጉንፋን ነው።"

የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ አደረገች።

"ይማርህ" አለችኝ።

በማግስቱ ምሳ ዕቃውን ስከፍተው አልጫ ነው። ደነገጥኩ። ዕድሜዋን ሙሉ በርበሬ የሸጠች ሴት፣ በርበሬ የገባበትን አይን አታውቅም ብዬ ነበር። አፍሬ አለቀስኩ። ከዚያ ሽማግሌውን ጠራኋቸው፤ የኔን ወጥ ሳያቃጥላቸው ሲበሉ ያ ቀን የመጀመሪያቸው ነበር። የመጀመሪያውን ጉርሻ እኔ አጎረስኳቸው።

እስክፈታ ድረስ ቀይ ነገር አላመጣችልኝም። እሷ አልጠየቀችኝም፣ እኔም አልነገርኳትም፤ አሁን በሕይወት የለችም። ምነው በነገርኳት ኖሮ እላለሁ፤ መልሼ ደግሞ፣ ምን የማታውቀውን እነግራታለሁ? ከተፈታሁ በኋላ እንኳ፣ ከገበያ ስትገባ እጇን ሁለት ጊዜ በሳሙና ሳትታጠብ ፊቴን ነክታው አታውቅም።