ፈረሴ ያወቀብኝ ሕመም

ስለ ሕመሜ ማስረዳት ሰልችቶኛል፤ ግን ካልነገርኳችሁ ነገሩ አይገባችሁም። መልቲፕል ስክለሮሲስ ይባላል። ከበሽታ ሊጠብቀኝ የተሠራው የሰውነቴ መከላከያ ዞሮ የራሴን ነርቭ ያጠቃል። ለወራት ይተወኛል፣ ከዚያ ድንገት ይነሳብኛል። ሐኪሞቹ መቼ እንደሚነሳ ቀድሞ የሚናገር ምልክት ከደሜ ውስጥ እንፈልጋለን ስላሉኝ፣ ከእንጅባራ አዲስ አበባ እየተመላለስኩ ስንት ብልቃጥ ደም ሰጠሁ። መልሳቸው ሁልጊዜ «ገና እያጠናን ነው» ነው።

አንድ ቅዳሜ ጥርባ ድረስ ሄጄ ለቅሶ ደርሼ በፈረስ ስመለስ፣ ዕድሜያቸውን በፈረስ ጀርባ የጨረሱት ጎረቤቴ አያ ዳኘው ከደጃቸው አዩኝ።

«ያ ነገር ሊነሳብህ ነው መሰለኝ» አሉ።

«በምን አወቁ?»

«ፈረሱ ወደ ግራ ያደላል። ግራ እግርህ አልያዘውም ማለት ነው።»

ደሜ ፈላ። ያ ሁሉ ሐኪም፣ ያ ሁሉ መሣሪያ ያላየውን ፈረስ ሊያይልኝ ነው?

«አያ፣ እባክዎ ይተዉኝ። ፈረሱ መንገድ ዳር ሣር አይቶ ነው» ብያቸው ደህና ይዋሉ እንኳ ሳልል አለፍኩ። እሑድ ደህና ነኝ። ሰኞም ደህና ነኝ፤ እንዲያውም ሆን ብዬ በደጃቸው ሁለት ጊዜ ተመላለስኩ።

ማክሰኞ ጠዋት ግራ እግሬ አልታዘዝ አለኝ። ግድግዳ ይዤ እየተሳብኩ በሩን ስከፍት፣ አያ ዳኘውና አራት የሰፈር ሰዎች ቃሬዛ አጠገባቸው አስቀምጠው ደጄ ላይ ተቀምጠዋል።

«ምነው ቆየህ?» አሉኝ። «እኛ የጠበቅንህ ትናንት ነበር።»