በደብተሬ ጠርዝ ላይ የነበሩ ሦስት ፊደላት

ሐይቅ ከተከራየሁት ክፍል ጠዋት የጸጥታ ሰዎች ወስደው ያስገቡኝ ከውጫሌ ወጣ ብሎ ያለ፣ እስር ቤት የተደረገ የእህል መጋዘን ውስጥ ነበር። የነቀዝ መድኃኒት ይሸታል። ግድግዳውን ተደግፈው የተቀመጡ ሃያ የሚሆኑ ወንዶች ቀና ብለው አዩኝና ወሬያቸውን አቆሙ። እኔም በሆዴ፣ ከእነዚህ አንዱ ለመርማሪዎቹ የሚሠራ መሆን አለበት አልኩ። በሩ አጠገብ የነበሩ አዛውንት ምንጣፋቸውን ሰብስበው ቦታ ለቀቁልኝ። ሐይቅ ጨርቅ የሚነግዱ ሰው ናቸው። ደግነታቸው ፈጠነብኝ፤ ጥርጣሬዬ እሳቸው ላይ አረፈ።

አብሮኝ የተያዘው ደብተሬ ነው። ሳጥን፣ ቀስት፣ ቁጥር፣ እንደገና ሳጥን። ለማያውቀው ሰው በእርግጥም ያስጠረጥራል። እኔና ሦስት ሰዎች የምንሠራው ግን ሌላ ነበር። ለመጻፍ የሚቀል፣ ሲሠራ ግን ቀርፋፋ የሆነ የኮምፒውተር ቋንቋ አለ። ጉልበት የሚጠይቀው ሥራ በሌላ ፈጣን ቋንቋ ይጻፍና ይቀጠልበታል። ችግሩ፣ ቅጥያዎቹ የዋናውን ቋንቋ ዕቃ፣ ማለትም ውስጡ ያስቀመጠውን መረጃ፣ በገዛ እጃቸው እየነካኩ ስለሚሠሩ የውስጡ አሠራር በተለወጠ ቁጥር ይበላሻሉ። እኛ የፈለግነው ለቋንቋው አሮጌ እትምም ለአዲሱም፣ ሌላ ሰው አሻሽሎ ለሠራውም ሳይቀየር የሚያገለግል አንድ የጋራ መገናኛ ነበር። ሐሳብ ያዋጡትን የሦስቱን ሰዎች ስም መነሻ ፊደል ጠርዙ ላይ ጽፌአለሁ።

በማግሥቱ መርማሪው ሳጥኖቹን ትቶ ጣቱን ፊደላቱ ላይ አሳረፈ። ሦስቱንም የማውቃቸው በኢንተርኔት ብቻ ነው፣ ውጭ አገር ናቸው አልኩ። የሁለቱ እውነት ነው። ሦስተኛዋ ግን ደሴ ናት፤ የልጇ ክርስትና ላይ በልቼ ጠጥቻለሁ። ስሟ ከአፌ ከወጣ እሷም እንደምትታሰር አውቅ ነበር።

በአራተኛው ቀን ነጋዴው ስለ ደብተሩ ጠየቁኝ። አልመልስም ብዬ ነበር፤ ግን ስለ ሥራው ማውራት የለመደ ሰው አራት ቀን ዝም ማለት ይከብደዋል። በር ላይ በሚሆነው አስረዳኋቸው። ቤተሰብ ምሳ ሲያመጣ ወደ ውስጥ አይገባም፤ ዘበኛው የታሳሪውን ቁጥር በካርቶን ቁራጭ ጽፎ ይሰጠዋል። እኛን ከክፍል ክፍል ቢያዛውሩንም ቁጥሩ አይለወጥም፣ ምሳው ያገኘናል። ቅጥያውም ዕቃውን ሳይሆን ቁጥሩን ብቻ ይይዛል፣ ሲጨርስ ይመልሳል አልኳቸው።

ትንሽ አሰቡና፣ "ቁጥሩን የያዘው ሰው ሳይመልስ ቢቀርሳ?" አሉኝ።

የሥራችን ዋና ቀዳዳ ይኸው ነበር። ቁጥሩ ካልተመለሰ ዋናው ቋንቋ ዕቃው አሁንም የሚፈለግ መስሎት ሳያስወግደው ይኖራል። እንዲህ ያለ ጥያቄ እዚያ መጋዘን ውስጥ መስማቴ በጣም አስደሰተኝ፤ በደስታዬ መሀል አፌ አመለጠኝ።

"እሱን ነው ደሴ ቁጭ ብለን ስንከራከርበት የከረምነው" አልኩ።

እሳቸውም መቁጠሪያቸውን አውጥተው ከንፈራቸውን ማንቀሳቀስ ጀመሩ። ያን ቀን ምሳዬን ከእሳቸው ራቅ ብዬ በላሁ።

በማግሥቱ ጠዋት እሳቸውን ጠሯቸው። ብዙ ቆዩ። ሲመለሱ ወደ እኔ አላዩም፤ ተከትዬ የተጠራሁት ደግሞ እኔ ነኝ። አለቀልኝ አልኩ። መርማሪው የተተየበ ወረቀት ሰጠኝ፤ ደብተሩ የአንድ ሕቡዕ ቡድን መዋቅር ነው ብዬ ማመኔን ይገልጻል። እኔ የፈለግኩት "ደሴ" የምትለዋን ቃል ነበር። ከላይ እስከ ታች አየሁት፣ የለችም። እሱም አላነሳት። እስክሪብቶውን ተቀብዬ በመፈረሚያው ቦታ "ይህ ደብተር የኮምፒውተር ሥራ ነው" ብዬ ጻፍኩ። አልፈረምኩም። ወረቀቱን ቀደደና በጥፊ መታኝ።

ስመለስ ሁሉም ምሳ ላይ ናቸው፣ ከነጋዴው በስተቀር። ከቤት የመጣላቸውን ዘበኛው ከበር መልሶታል። ምን ብለው ጠየቁዎት አልኳቸው።

"ከነማን ጋር ነው የሚሠራ አሉኝ። ወላሂ የአንዱንም ስም አላውቅ አልኳቸው። እውነቴን ነው፤ አልነገርኸኝም።"

ደሴ ማለቴን ግን ሰምተዋል፤ ምሳቸው የተከለከለው ያን ስላልተናገሩ ነው። አፈርኩ። የመጣልኝ ሥጋ ሳይሆን ሽሮ ስለነበር ለሁለታችንም ይሆናል፤ መሀላችን አስቀመጥኩት። ቢስሚላህ ብለው ቆረሱ። በይቅርታ ፋንታ ወጡን ወደ እሳቸው ገፋ አደረግኩ።

ከሁለት ወር በኋላ ክስ ሳይመሠረትብኝ ለቀቁኝ። እሳቸው ቀድመውኝ ወጥተው ነበር። ቆይቶ ሐይቅ ገበያ ሱቃቸው ሄጄ ሥራው እንዳለቀ፣ ሳይመለስ ለሚቀረው ቁጥርም መላ እንዳበጀንለት ነገርኳቸው። ያዳኗት ሰው መጥታ ልታመሰግንዎት ትፈልጋለች፣ ስሟም ብዬ ስጀምር እጃቸውን አነሱ።

"ተው ልጄ፣ አትንገረኝ። ነገ ቢጠይቁኝ በእውነት የምምልበት ይኑረኝ።"

ዛሬም ሰው ቶሎ ደግ ሲሆንብኝ እጠረጥራለሁ፤ ልማድ ሆኖብኛል። ጓደኛዬ ሐይቅ በመጣች ቁጥር የልጇን ልብስ ጨርቅ ከሳቸው ሱቅ ትገዛለች። አብሽሪ፣ ያሳድግልሽ ብለው ይሸኟታል። ማን እንደሆነች አያውቁም። እኔ አብረን እንዳያዩን ራቅ ብዬ ቆሜ እጠብቃታለሁ።