የሸፈንኩት ዝናብ

ከሁሩሙ የወጣሁት አመሻሽ ላይ ነው፤ መቱ አድሬ በማለዳው አውቶቡስ ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ደግሞ ወደ እንግሊዝ ልበር። ሻንጣዬ በር ላይ ቆሟል፣ ሚኒባሱ ጥሩምባውን ያስጮሃል፣ ጎረቤቱ ሁሉ ግቢያችንን ሞልቶ እያገላበጠ ይስመኛል። አባቴ ብቻ ከመደቡ አልተነሳም። መቱ ሆስፒታል ነርስ ሆኜ ስቀጠር መንደሩን ሁሉ የጋበዘ ሰው፣ እንግሊዝ አገር አዛውንት የመንከባከብ ሥራ አገኘሁ ስለው አንድ ነገር ብቻ ነበር ያለኝ።

«የሰው አገር ሽማግሌ ልታጥቢ ነው እኔን ጥለሽኝ የምትሄጂው?»

ከዚያ ወዲያ ዝም አለኝ። በመሄጃዬ ምሽት ጎረቤቶች «ኧረ ልጅህን መርቃት እንጂ!» እያሉ ክንዱን ይዘው ሊያስነሱት ሲታገሉ፣ ያለ ወቅቱ የመጣ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድበው ጀመር። የለቀማ ሰሞን ነው፤ ቡናው ደጅ፣ የእንጨት አልጋ ላይ ተሰጥቷል፤ ከረጠበ ይሻግታል። አንዱ «ቦካን ዱፌ!» ዝናብ መጣ! ብሎ ሲጮህ፣ ሊሸኘኝ የመጣው ሰው ሁሉ ሸራ ሊያለብስ ተበተነ። እኛ ዘንድ የማን ቡና ነው ተብሎ አይጠየቅም፤ ቅርብ ያለ ሰው ይሸፍናል። የተኳረፉ ጎረቤታሞች እንኳ ተጋግዘው ይሸፍኑና ዝናቡ ሲያባራ ኩርፊያቸውን ካቆሙበት ይቀጥላሉ። አባቴም ሮጦ ወጣ። ሾፌሩ ቢጠብቅ ቢጠብቅ አልተመለሰም። በሸራዎቹ መሀል ጀርባውን እያየሁ፣ ሳይመርቀኝ ሄድኩ።

እንግሊዝ ስደርስ ፓስፖርቴን ያገላበጠው ሹም ቀና ብሎ አየኝ።

«አዛውንት መንከባከብ ታውቂበታለሽ?»

«ነርስ ነኝ። እናትና አባትም አሉኝ።»

«ታዲያ አሁን እነሱን ማን ይንከባከባቸዋል?»

ለጨዋታ ያህል ነው መሰለኝ፣ ፈገግ እያለ ማኅተሙን መታልኝ። እኔ ግን ባቡሩ ውስጥ እንባዬን ስጠርግ ነው የሄድኩት።

የምኖርባት ከተማ ትንሽ ናት፤ ትልቅ ካቴድራል ስላላት ሲቲ ትባላለች። ጎሬን አስቡ፤ ኮረብታ ላይ የተቀመጠች፣ ያለፈ ማዕረጓን ያልረሳች። አየሯ ግን ጉድ ነው። የኛ ዝናብ ሲመጣ ድምፁ ከጫካው ማዶ ቀድሞ ይደርሳል፤ ሰውም ዶሮም ይሰበሰባል። የነሱ ግን ድምፅ የለውም፤ በወንፊት እንደሚነፋ ዱቄት ሲወርድ ይውልና መርጠብሽን የምታውቂው ቤት ስትገቢ ነው። በበጋቸው ደግሞ ራት በልተሽ ዕቃ አጥበሽ ፀሐይዋ አልገባችም! እኛ ቤተሰቡ ደህና፣ ከብቱ ደህና እንደምንባባለው፣ እነሱ ስለ አየሩ ይጠያየቃሉ። መጀመሪያ የሚሉት ያጡ መስሎኝ ነበር።

ክፍል ያከራዩኝ ሚስተር ሄድሊ የሚባሉ፣ ሚስታቸው የሞቱባቸው ሽማግሌ ናቸው። ገና ስገባ «ኬነት በይኝ» አሉኝ። አባቴ የሚሆኑትን ሰው በባዶ ስማቸው እንዴት ብዬ ልጥራ? ጋሼ ኬነት አልኳቸው።

«ጋሼ ምንድን ነው? ማዕረግ ነው?»

«ነው።»

«ቤተ መንግሥቱ የነፈገኝን አንቺ ሰጠሽኝ» ብለው ሳቁ።

ገና ብዙ ሳንላመድ፣ አንድ ቀን እሳቸው ገበያ ወጥተው እኔ በመስኮት ስመለከት ያ ድምፅ አልባ ዝናብ ጀመረ። ጓሯቸው ሣር መሀል አንድ የመዳብ ዕቃ አፉን ከፍቶ ተቀምጧል። እግሬ እኔን አላማከረኝም። ሮጬ ወጣሁ፣ ትልቅ ፌስታል አለበስኩት፣ ዙሪያውን በድንጋይ አጸናሁት። በሰው አገር የመጀመሪያው የጉርብትና ሥራዬ ነበርና ኮራሁ፣ ደረቴን ነፍቼ ተኛሁ።

በማግስቱ ጠዋት ጋሼ ኬነት ዣንጥላ ይዘው ወጡና ዕቃው ላይ አጎንብሰው ቀሩ።

«ይኼን ማን ሸፈነው?»

«እኔ ነኝ ጋሼ። እንዳይረጥብ ብዬ።»

«እንዳይረጥብ» አሉ ቀስ ብለው። «ለሊሴ፣ የዚህ ዕቃ ሥራው መርጠብ ነው።»

የዝናብ መለኪያ ኖሯል! ሚስታቸው የጀመሩት ነው፤ እሳቸው ከሞቱ በኋላ ባልየው አንድም ጠዋት ሳይዘሉ እየለኩ፣ እየመዘገቡ፣ ለአየር ሁኔታ ባለሙያዎች ሲልኩ ኖረዋል። ያንን ነው እኔ በፌስታል የበጠስኩት። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሻንጣዬን የማስርም መሰለኝ።

«ገምተው ይጻፉት፤ ትናንት ያን ያህልም አልዘነበም» አልኳቸው እየተርበተበትኩ።

«ያልለካሁትን አልጽፍም።» ተቀምጠው ጻፉ፤ ከዚያ ለእኔ አነበቡልኝ። «በጎረቤት ደግነት ተሸፍኖ ስለዋለ አልተለካም።»

ከዚያች ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት አብሬያቸው እወጣለሁ። የተጠራቀመውን ጠብታ በቀጭን ብርጭቆ ቀድተው፣ ጉልበታቸው እየተንቋቋ ዓይናቸውን ከውኃው እኩል ዝቅ አድርገው ያነባሉ። መንገድ ቆርጦ ድልድይ የሚወስድ ዝናብ እያየሁ አድጌ፣ ለአንዲት ጠብታ ሰው ሲያጎነብስ አላየሁም ነበር። አንድ ጠዋት ሣሩ ሁሉ በውርጭ ነጭ ሆኖ፣ የመዳቡ ዕቃ ውስጥ ያለው ውኃ ድንጋይ ሆኖ አገኘነው። በቃ ይቅር ይላሉ ስል ወጥ ቤት አስገብተው፣ ክዳን ደፍተው፣ ሞቅ ያለ ውኃ ውስጥ አቁመው አቅልጠው ለኩት! ከሰማይ የወረደ ምንም ነገር በከንቱ አይቀርም ማለት ነው አልኩ በልቤ፤ ደስታ ይሁን ናፍቆት እንጃ፣ አለቀስኩ። አሁን ጉልበታቸው ስለደከመ የምለካው እኔ ነኝ።

እሑድ እሑድ ቤት እደውላለሁ። የምታነሳው እናቴ ናት፤ «አባዬስ?» ስላት «አሁን እዚህ ነበር» ትለኛለች። የፌስታሉን ነገር ነግሬያት በሳቅ ፈረሰች። በቀጣዩ እሑድ «ቆይ» አለችኝና የሌላ ሰው ትንፋሽ ሰማሁ።

«ለሊሴ።»

«አቤት አባዬ!»

«ሽማግሌው ተቆጡሽ?»

«አልተቆጡኝም።»

«እንደኛ ቡና መስሎሽ ነው የሸፈንሽላቸው?»

«አዎ አባዬ።»

ሳቀ። ያንን ሳቅ ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ! «ደግ አድርገሻል» አለ። «ጉልበታቸውን ያማቸዋል አሉ። በቅቤ እሺላቸው። ስሚ ደግሞ... ያን ምሽት እኔ ሳልመርቅሽ...»

ከሩቅ «ቦካን ዱፌ!» የሚል ጩኸት ተሰማ። ስልኩ መደቡ ላይ ኳ ብሎ ወደቀ። የእግር ኮቴ፣ የእናቴ ድምፅ፣ የሸራ መንሿሿት፤ ወዲያው የቤታችን ቆርቆሮ መጮህ ጀመረ። ጋሼ ኬነት ከሳሎን ተነስተው መጡ።

«ምንድን ነው ይኼ ድምፅ?»

«ዝናብ ነው። የኛ ቤት ዝናብ።»

ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡና ጆሯቸውን ወደ ስልኩ አስጠጉ። «አምላኬ!» አሉ በሹክሹክታ። «ማን ነው የሚለካው?»

«ማንም አይለካውም» አልኳቸው።

ሁለታችንም አዳመጥን። ሲያባራ አባቴ ይመለሳል ብዬ ጠበቅሁ፤ አላባራም፣ መስመሩም ተቋረጠ።